«እህቴ ሻል ብሏታል፤ መድኃኒቱን ታቁም?» ስለ ሉፐስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ አዘዞ ነው። ታናሽ እህቴ 27 ዓመቷ ነው፤ መምህርት ናት። ከአንድ ዓመት በላይ ጣቶቿንና ጉልበቷን ሲቆረጥማት፣ ትኩሳት ሲመላለስባት፣ ጸጉሯ ሲረግፍና ፊቷ ላይ ማድያት የመሰለ ነገር ሲወጣባት ቆየ። ሦስት ጊዜ ታይፎይድ ነው ተብላ ታክማለች። አንድ ክሊኒክ ደግሞ የቂጥኝ ምርመራዋ ፖዘቲቭ ነው ስላላት ከእጮኛዋ ጋር እስከ መለያየት ደርሰው ነበር። በመጨረሻ ሆስፒታል ገብታ ሉፐስ ነው ተባለችና ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ፕሬድኒሶሎን ጀመረች። አሁን ሦስተኛ ወሯ ነው። ቁርጥማቱም ትኩሳቱም ለቋታል፤ ነገር ግን ፊቷ ስላበጠ መድኃኒቱን ትታ ጸበል ልትገባ ትፈልጋለች። በሽታው ምንድን ነው? ይተላለፋል? የደም ካንሰር ነው የሚሉንም አሉ። አግብታ መውለድስ ትችላለች?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አጣዳፊውን ላስቀድም። እህትዎ ይህንን ምላሽ አንብባ እስክትጨርስ ድረስ እንኳ ፕሬድኒሶሎኑን በራሷ ውሳኔ እንዳታቋርጥ ይንገሯት፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ። ሉፐስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በአንድ መሶብ መብላት፣ አብሮ ማደር፣ ጡት ማጥባትም ሆነ የጋብቻ ኑሮ አያስተላልፈውም። የደም ካንሰርም አይደለም። ይህ ወሬ የሚነሣው፣ እንደሚመስለኝ፣ ሕመሙ ሲጠና ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሳይክሎፎስፋማይድ ለካንሰር ሕሙማንም የሚሰጥ በመሆኑ ነው። መውለድንም በሚመለከት፣ ጊዜውን ጠብቃና ከሐኪሟ ጋር ተመካክራ ከሆነ በአብዛኛው ትችላለች።

በሽታው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ የሚባለው «የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል እንደ ጠላት ቆጥሮ ይወጋል» የሚለው ነው። ስሕተት የለውም፤ ሆኖም ለምን ፀሐይ እንደሚያብሰው፣ ለምንስ ኩላሊት እንደሚጎዳ አያስረዳም። ስለዚህ እኔ ከጽዳት መነሣት እመርጣለሁ። በሰውነታችን ውስጥ በየቀኑ እጅግ ብዙ ሕዋሳት ያረጃሉ፣ ይሞታሉ፤ ሬሳቸውም ወዲያው ይጠረጋል። በሉፐስ ሕሙማን ይህ የመጥረግ ሥራ ይዘገያል፤ በሕዋሱ እምብርት ተሸሽጎ መኖር የነበረበት ዲኤንኤና ሌላው ቅንጣት ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ መከላከያውም ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ነገር ያገኘ ያህል ፀረ እንግዳ አካላት ያዘጋጅበታል። እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት ከቅንጣቶቹ ጋር ተጣብቀው በደም እየዞሩ በመገጣጠሚያ፣ በቆዳ፣ በሳንባና በልብ ሽፋን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደም በሚጣራበት በኩላሊት ወንፊት ላይ ይቀመጣሉ። ጠላ ያጠለለ ሰው አተላው ማጥለያውን ሲደፍነው ያውቃል፤ የኩላሊቱ ግን ከመደፈን አልፎ ይቆጣል፣ ይበሳሳል፣ ውሎ አድሮም ይጠባበሳል።

ከ10 ሕሙማን 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው፤ በብዛት የሚጀምረውም በመውለጃ ዕድሜ ነው። የዘር ተጋላጭነት ድርሻ አለው፤ ግን ከአንድ ዕንቁላል ከተፈጠሩ መንትዮች እንኳ አንዷ ታማ ሌላዋ ሳትታመም የምትቀርበት ጊዜ ስለሚበዛ፣ «በዘራችን ገባብን» ብሎ መሸማቀቅ አይገባም። እርስዎም ሆኑ ሌሎች እህቶችዎ ምንም ምልክት ሳይኖርባችሁ ለመመርመር መሮጥ የለባችሁም።

አንድ ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ መቆየቱ ሊያስቆጣዎት ይችላል፤ ነገር ግን ሉፐስ በአገራችን እያንዳንዱ ምልክቱ አስቀድሞ ሌላ ስም የተሰጠው በሽታ ነው። የመገጣጠሚያው ሕመም ቁርጥማት ይባላል። ትኩሳቱ ታይፎይድ ይባላል፤ በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ደግሞ ቀድሞ ተይዞ በዳነም ሆነ በሌላ ሕመም በተያዘ ሰው ላይ ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም። የፊቱ ሽፍታ ማድያት ይባላል። በጥቁር ቆዳ ላይ የሉፐስ ሽፍታ መጻሕፍት ላይ እንደሚታየው ቀልቶ አይታይም፤ ጠየም ወይም ወይን ጠጅ ወደ መምሰል ያደላል። የሚለይበት ምልክት ግን አለ፦ ከጉንጭ ተነሥቶ በአፍንጫ ድልድይ ላይ ተሻግሮ ሲያርፍ፣ ከአፍንጫ ጎን ወደ ከንፈር ጥግ የሚወርደውን እጥፋት ብዙ ጊዜ ሳይነካው ያልፋል፤ ፀሐይ ባገኘው ቁጥርም ያሳክካል ወይም ያቃጥላል። እህትዎ በዚያ ዓመት ፊት የሚያቀላ እየተባለ በየሱቁ የሚሸጥ ቅባት ተቀብታ ከሆነ ለሐኪሟ ትንገር፤ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ (ፕሬድኒሶሎንም የሚመደብበት የመድኃኒት ዓይነት) ያለበት ነው፣ ቆዳን ያሳሳል፣ ሽፍታውንም ለጊዜው ደብቆ ምርመራውን ያሳስታል።

ስለ ምችም አንድ ነገር ልበል። ሰው ፀሐይ ላይ ውሎ ሲገባ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የከንፈር ቁስል ሲይዘው «ምች መታው» እንላለን፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ይጠጣል፣ ይሸተታል። አብዛኛው ምች ሉፐስ አይደለም፤ ይህን በትልቁ ያስምሩበት። ነገር ግን አንዲት ወጣት ፀሐይ ላይ በዋለች ቁጥር በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ትኩሳት፣ የአፍ ውስጥ ቁስልና የመገጣጠሚያ ሕመም እየተመላለሰባት «እኔ እኮ ምች ይወደኛል» የምትል ከሆነ፣ እናቶቻችን ያስተዋሉት የፀሐይና የሕመም ግንኙነት እውነት ሊሆን ይችላል። የፀሐይ ጨረር የቆዳ ሕዋሳትን ይገድላል፤ የሞቱት ሳይጠረጉ ይቆያሉ፤ የቀረውን ከላይ ተናግሬዋለሁ።

ወደ ቂጥኙ ምርመራ ልምጣ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ እርሱ ነውና። ቪዲአርኤል የሚባለው ምርመራ የቂጥኝን ተሕዋስ በቀጥታ አይፈልግም፤ ካርዲዮሊፒን ለሚባል የስብ ዓይነት የተዘጋጁ ፀረ እንግዳ አካላት መኖራቸውን ይፈትሻል። አንዳንድ የሉፐስ ሕሙማን ደግሞ ቂጥኝ ሳይነካቸው እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት በደማቸው አሉ። ስለዚህ ውጤቱ ቲፒኤችኤ በሚባለው ወይም ተሕዋሱን በሚለይ ሌላ ምርመራ መረጋገጥ ነበረበት። አሁንም አልረፈደም፤ ይሠራላት። ያ ምርመራ ነጋቲቭ ከሆነ እጮኛዋ በሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ ይህንኑ ይስማ። ነገሩ ግን በዕርቅ ብቻ አያልቅም። ያ የተሳሳተ ፖዘቲቭ ደሟ ለመርጋት፣ ፅንስም ለመቋረጥ ሊያጋልጣት የሚችል ሁኔታ መኖሩን የሚጠቁም ሊሆን ስለሚችል፣ ካርዲዮሊፒንን በመሰሉ ስቦች ላይ የሚነሡትን የሚፈትሽ፣ የፎስፎሊፒድ ፀረ እንግዳ አካላት የሚባል ምርመራ ሊሠራላት፣ ፖዘቲቭ ከሆነም ከ12 ሳምንት በኋላ ሊደገም ይገባል። ያ ያስለቀሳት ወረቀት ካልጠፋ ለሐኪሟ ይሰጥ።

ምርመራው በእርግጥ ትክክል ስለመሆኑም ትጠራጠሩ ይሆናል። ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራ ሉፐስ ካለባቸው ሰዎች በሁሉም ማለት ይቻላል ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ስለዚህ ነጋቲቭ ከሆነ ሉፐስ የመሆን ዕድሉ በጣም ያነሰ ነው። ፖዘቲቭ ሆኖ መገኘቱ ግን ብቻውን አይበቃም፤ በጤነኛ ሰው፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በሌሎችም ሕመሞች ይገኛልና። በእኛ አካባቢ በተለይ ካላዛር የሚባለው፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የቆላ በሽታ መዘንጋት የለበትም። ወደ መተማ፣ ቋራና ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት፣ ክሳትና የደም ሕዋሳት ማነስ ሲታይበት፣ ካላዛሩ ራሱ የሉፐስን የደም ምርመራዎች ፖዘቲቭ አድርጎ ሊያሳስት ይችላል፤ እንዲህ ላለው ታማሚ ስቴሮይድ ሰጥቶ መሸኘት ከባድ ጥፋት ነው። የእህትዎ ጣፊያ አብጦ ከነበረ፣ ወይም ቆላ ወርዳ ከነበረ፣ ካላዛር ተመርምሮ አለመኖሩ መረጋገጡን ይጠይቁ። ለሉፐስ ይበልጥ የተለዩት የዲኤንኤና የስሚዝ ፀረ እንግዳ አካላት ምርመራዎች ናቸው፤ ውጤታቸው ካለ በማኅደሯ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ሻል ብሏታል» ብለው ጽፈዋል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በሉፐስ የመሻል ስሜት አስተማማኝ ሚዛን አይደለም። ከ10 ሕሙማን አራቱ ያህል ወይም ከዚያ በላይ በሕይወት ዘመናቸው የኩላሊት ሉፐስ ይይዛቸዋል፤ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ውስጥ ነው። የኩላሊቱ መቆጣት ሲጀምር አይቆረጥምም፣ አያተኩስም፤ ጎን የሚያምም «የኩላሊት ሕመም» ብለን የምናውቀውም አይደለም። እግር አብጦ የካልሲው ጎማ ቁርጭምጭሚት ላይ ሠርጎ መስመር እስኪሠራ፣ ሽንትም ሲወርድ እንደ ሳሙና ውኃ አረፋ ይዞ እስኪቀር ከተጠበቀ ብዙ ጉዳት ደርሷል።

ይህን የሚደርስበት ምርመራ ደግሞ በዋጋ ከሁሉ የረከሰው ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ የተሸና ሽንት በንጹሕ ብልቃጥ ይወሰዳል፤ ባለሙያው ባለ ቀለም ወረቀቱን ነክሮ ያወጣና አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቃል፤ ፕሮቲን የሚለካው ቢጫ ክፍል ወደ አረንጓዴ ከዞረ ወንፊቱ ማፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ መጠኑ በትክክል ይለካል፤ በ24 ሰዓት ከግማሽ ግራም በላይ ፕሮቲን የሚፈስ ከሆነ ሐኪሙ ከኩላሊቱ በመርፌ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ እንዲመረመር ሊጠይቅ ይችላል። ይህ «ናሙና» የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያስፈራል፤ ነገር ግን የትኛው መድኃኒት ለስንት ጊዜ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው እርሱ ስለሆነ፣ ከተጠየቀች እሺ እንድትል ምክሬ ነው። ሕመሙ ጸጥ ባለበት ጊዜም ቢሆን ሽንት፣ የደም ግፊት፣ የደም ሕዋሳት ብዛትና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ በየሦስት ወሩ ገደማ ሊታዩ ይገባል። ገንዘብ ባጠረ ጊዜ የትኛው ይቅር ብለው ቢጠይቁኝ፣ የሽንቱና የግፊቱ አይቅር እላለሁ።

ስለ መድኃኒቶቹ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የወባ መድኃኒት ነበር፤ ለሉፐስ መሰጠት ከጀመረም ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሕመሙ እንዳይነሣ የሚያደርግ፣ ኩላሊትን የሚጠብቅ፣ በእርግዝናም የማይቋረጥ የሕክምናው መሠረት እርሱ ነው፤ ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው ግን ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ስለሆነ፣ እስካሁን የተገኘው መሻል በአብዛኛው የፕሬድኒሶሎን ሥራ ሳይሆን አይቀርም። መጠኑ በቀን ከክብደቷ በኪሎ ከ5 ሚሊግራም ባይበልጥ ይመረጣል። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት 300 ሚሊግራም ይደርሳታል፤ ፍሬው ባለ 200 ስለሆነ አንድ ቀን አንድ፣ በማግስቱ ሁለት እየዋጠች ታመጣጥነዋለች። «ዓይን ያጠፋል» የሚባለው መሠረት አለው፣ ተጋንኗል እንጂ፤ በዚህ መጠን እስከ አሥር ዓመት በሚወስዱ ሰዎች የዓይን ጉዳቱ ከ100 ሁለት ሰው እንኳ አይሞላም። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጊዜ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ የዓይን ሐኪም ይያት፤ ኩላሊቷ ከተነካ ግን ቀደም ብሎ። ወባንም በሚመለከት፣ ይህን መድኃኒት ስለምትወስድ ቆላ ብወርድ አይዘኝም ብላ እንዳትታለል፤ አጎበር ያስፈልጋታል።

ፊቷን ያሳበጠው ፕሬድኒሶሎን ነው። ለአንዲት ወጣት መምህርት በየቀኑ ስልሳ ተማሪ ፊት በማታውቀው ፊት መቆም ቀላል እንዳልሆነ እረዳለሁ፤ «ዋናው ጤና ነው» ብሎ ማለፍም አግባብ አይመስለኝም። እብጠቱ መጠኑ ሲቀንስ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ የሕክምናውም ዓላማ ቀስ በቀስ ወደ 5 ሚሊግራምና ከዚያ በታች ማውረድ፣ ሲቻልም ማቆም ነው። በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ግን ሌላ ነው። ለሳምንታት ይህን መድኃኒት የወሰደ ሰው ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ተመሳሳይ ቅመም (ሆርሞን) ማምረት ስለሚተዉ፣ ድንገት ሲቋረጥ ማስመለስ፣ ድካም፣ የደም ግፊት መውረድና ራስን መሳት፣ አልፎም ሞት ሊመጣ ይችላል፤ የተኛው ሉፐስም ይነሣል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ መጠየቅ ያለባት «ልተወው?» ብላ አይደለም፤ «በምን ፍጥነት ይቀነስልኝ? ስቴሮይዱን ለመቀነስ እንዲያስችል እንደ አዛታዮፕሪን ያለ መድኃኒት ይጨመርልኝ ወይ?» ብላ ነው። እስከዚያው ጠዋት ከቁርስ ጋር ትውሰደው፣ ጨውና ጣፋጭ ትቀንስ። ቁርጥማቱ ቢመለስ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ በራሷ ገዝታ አትዋጥ፤ ኩላሊቷን ይጎዳሉ። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው ፀረ ተሕዋስ መድኃኒትም በሉፐስ ሕሙማን ላይ ሽፍታና ግርሻ ሊያመጣ ስለሚችል፣ የትም ብትታከም ሕመሟን አስቀድማ ትናገር።

ፕሬድኒሶሎንና እንደ አዛታዮፕሪን ያሉ መድኃኒቶች መከላከያውን ስለሚያደክሙ፣ ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት በእርሷ ላይ እንደ ተራ ጉንፋን አይታይም። የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ የሳንባ ነቀርሳ ይመርመር። የአንጀት ትል ምርመራ ካልተደረገላትም ይደረግላት፤ ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል በስቴሮይድ ጊዜ በመላው አካል ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል፣ አስቀድሞ ሲታወቅ ግን መድኃኒቱ ቀላል ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጎጂው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል፤ ደመናም ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ረጅም እጅጌ፣ ሰፊ ባርኔጣና ጥቁር ጃንጥላ ያስፈልጋታል። ነጠላ በራስ ላይ ጣል ማድረግ ልማድ ነው፤ ግን ወደ ብርሃን አንሥታ ብትመለከተው በሽመናው መካከል ሰማዩ ይታያታል፤ ጨረሩም እንዲሁ ያልፋል። ስስ ነጠላ ለክብር እንጂ ለሉፐስ አይበቃም። የፀሐይ መከላከያ ቅባት መግዛት ከቻለች በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመከላከል መጠን (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ትጠቀም፤ ካልቻለች ጨርቁን ታጥብቅ። ለጥምቀት ከፋሲል መዋኛ ስትወርድ ከዛፎቹ ጥላ ትቁም፤ ታቦት አጅባ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ መሄዱ ግን ለዚህ ዓመት ቢቀርባት እመርጣለሁ። ከፀሐይ ስለምትሸሽና ስቴሮይድም አጥንት ስለሚያሳሳ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ሊታዘዝላት ይገባል።

ጸበሉን አልከለክልም፤ ሐኪምና ጸበል የግድ መጣላት አለባቸው ብዬም አላምንም። ትጠመቅ፣ ትጠጣ፤ መድኃኒቷን ግን ይዛ ትግባ። ለብዙ ሰዓት ፀሐይ ላይ ተራ መጠበቅ እንዳይኖር ማለዳ ትሂድ፤ እግሯ ያበጠ ወይም ኩላሊቷ የደከመ ከሆነ ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ መጠጣት ስለሚጎዳት አስቀድማ ትጠይቅ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀመስ መቆየትን በተመለከተ፣ ፕሬድኒሶሎን በባዶ ሆድ ጨጓራ ስለሚያስቆጣና የስኳር በሽታም ሊያስከትል ስለሚችል፣ ለነፍስ አባቷ ሕመሟን ገልጻ ፈቃድ ትቀበል። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን እንደምታዝን እህትዎ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች። የጾሙ ምግብ በራሱ፣ ጨውና ዘይቱ ከተመጠነ፣ መልካም ነው። «መከላከያን ያጠነክራል» ተብሎ የሚሸጥ ቅጠልና ዱቄት ግን አትውሰድ፤ የእርሷ ችግር የመከላከያ ማነስ አልነበረም።

ስለ ልጅ። ፅንስ ከመያዟ በፊት ሕመሙ፣ በተለይም ኩላሊቷ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ጸጥ ማለት አለበት። እስከዚያ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ትጠቀም፤ የፎስፎሊፒዱ ምርመራ ሳይታወቅ ወይም ሕመሙ ሳይረጋ ኤስትሮጅን ያለበትን እንክብል አትጀምር፤ ከደም መርጋት ጋር ይያያዛልና። ሉፕ ወይም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ለአብዛኞቹ ይስማማል። ማይኮፌኖሌት የሚባል መድኃኒት ከተሰጣት ፅንስን ስለሚያበላሽ ቢያንስ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ በሌላ ይተካል። ሮ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ካለባት ከ100 ፅንሶች በአንድ ወይም በሁለቱ ላይ የልብ ምት መዘግየት ሊያመጣ ስለሚችል፣ ይህን ምርመራ ከእርግዝና በፊት ማድረግ ተገቢ ነው። ስታረግዝም የቅድመ ወሊድ ክትትሏ በሆስፒታል ይሁን፤ ግፊቷና ሽንቷ በየጊዜው ይታይ።

ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ያለባት፣ ስትተነፍስ ደረቷን ከወጋት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ አንድ እግሯ ብቻ አብጦ ካመማት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ንግግሯ ከተዘባረቀ፣ መድኃኒቱንም እያስመለሳት መዋጥ ካልቻለች ነው። ከዚያ ውጭ በሚቀጥለው ቀጠሮ የጠዋቱን ሽንት፣ ያንን የቪዲአርኤል ወረቀትና የምትውጣቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው ይዛ ትቅረብ። ቢቻል እርስዎም አብረዋት ይግቡ፤ እጮኛዋም ፈቃደኛ ከሆነ ይምጣ።